ከሌሊቱ 8 ሰዓት

መርካቶ ውስጥ ሒሳቡን ከደብተር ኦዱ ወደተባለው የንግድ ሶፍትዌር ያዞረ ጅምላ ሻጭ ሰርቨሩን ከጣቃው ጀርባ ይሸጉጥና «ማሻሻያው ማታ ማታ ራሱ ይሠራ» ይላል። ልጁም ስክሪፕት ይጽፋል። ሱቁ በተዘጋበት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲነሳ ሥራን በቀጠሮው በሚያስነሳው ክሮን ላይ «8» ያሰፍራል። ሰርቨሩ ግን በግሪንዊች ሰዓት የሚኖር የውጭ ዜጋ ነው። የእሱ 8 እኛ ዘንድ ከረፋዱ 5 ነው፤ ወዛደሩ «ዞር በል!» እያለ መተላለፊያ የሚያጣበት፣ ደንበኛው ደረሰኝ ይዞ ለመሄድ የሚጣደፍበት ሰዓት።

ስክሪፕቱ ግን ጨዋ ነው፤ አስቀድሞ የዳታቤዙን ቅጂ ያስቀምጣል። የት? እዚያው ዲስክ ላይ። ዲስኩ ሞልቶ ቅጂው ቢከሽፍም «ከከሸፈ ቁም» የሚል መስመር የለበትምና አሮጌውን እትም አፍርሶ አዲሱን ይተክላል፤ ሲጨርስም «በስኬት ተጠናቋል» ብሎ ይጽፋል። (ይህን ዓይነት ሪፖርት እንኳ ከኮምፒውተር በፊትም እናውቀዋለን።)

ኦዱ በየዓመቱ አዲስ እትም ያወጣል፤ የሚደግፈው የመጨረሻዎቹን 3 ነው። ነፃውን እትም የያዘ ሰው ዳታውን የሚያሻግርለት ከኩባንያው አያገኝም፤ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩትን ኦፕንአፕግሬድን ደጅ ይጠናል። ምናለሽ ተራ ቢሆን ያረጀውን በርሜል ምድጃ አድርገው ባስረከቡት!

ባለሱቁ ለጊዜው በካርኒ እየሸጠ ነው። ልጁ ደግሞ ስክሪፕቱን የሚያሻሽል ስክሪፕት እየጻፈ ነው።