እንዴት አይታወሰን!

አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ጠይቆ «አላውቅም» የተባለ ሰው ካለ ዕድለኛ ነው፤ ቢያንስ ወደ ተሳሳተ ቦታ አልተላከም። ልደታ ፍርድ ቤት በር ላይ ቆማችሁ ባልቻ ሆስፒታል በየት በኩል እንደሆነ ብትጠይቁ፣ ሰፈሩን ትናንት የረገጠ ሰው ሳይቀር ክንዱን ዘርግቶ «ቀጥ ብላችሁ ሂዱና ወደ ግራ ታጠፉ» ይላችኋል። ሰውየው ውሸታም ሆኖ አይደለም። እንግዳን ባዶ እጁን መሸኘት ስለሚከብደው ነው። ቤቱ ቢሆን እንጀራ ያቀርብ ነበር፤ መንገድ ላይ ስለተገኘ ግራና ቀኝ ያቀርባል።

ይህ ደግነታችን ክፉ ፈተና ላይ የወደቀው ሥር ፍለጋ የሚጓዙ ወጣቶች ሰፈራችን ልደታ የደረሱ ቀን ነው።

የሥር ፍለጋ ጉዞ ዛሬ ዓለም አቀፍ ሥራ ሆኗል። ስመ ጥሩው ታግሊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ቻርልስ ብሮንፍማንና ማይክል ስታይንሃርት የተባሉ ሁለት ቱጃሮች የጀመሩት ይህ ፕሮግራም፣ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 26 የሆኑ አይሁዳውያን ወጣቶችን ከያሉበት ሰብስቦ፣ ወጪያቸውን ችሎ፣ እስራኤልን 10 ቀን ያስጎበኛል። እስካሁን ከ800 ሺህ በላይ ወጣቶች ሄደውበታል። አሥር ቀን እኛ ጋ መታወቂያ ለማደስ ላይበቃ ይችላል፤ እነሱ ሦስት ሺህ ዓመት ያዳርሱበታል። ማሳዳ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ያያሉ፣ ሙት ባሕር ላይ ይንሳፈፋሉ፣ ኢየሩሳሌም ምዕራባዊው ግንብ ሥር ያለቅሳሉ። ለቅሶውም ፕሮግራም ውስጥ ያለ ይመስላል፤ አውቶቡሱ የሚጠብቀው በሰዓቱ ነዋ።

አውቶቡሱ ላይ የሀገሩ ወጣቶችም፣ በተለይ ወታደሮች፣ ለጥቂት ቀናት ይሳፈራሉ። የዚህ ትዝብት ባለታሪክ አንዷ ነበረች። ወላጆቿ የጎንደር ቤተ እስራኤል፣ እሷ የነታንያ ልጅ ናት። በውትድርናዋ ዘመን የአሜሪካ ልጆች በነፃ ሥራቸውን ሲያገኙ አብራቸው ዞራለች። ከመካከላቸው አንዱ «ያንቺስ ሥር የት ነው?» ብሎ ጠየቃት። እሷም ሥሯን ልታይ በራሷ ገንዘብ ከጓደኞቿ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጣች።

የዚህ ጉዞ ደንበኛ መስመር ጎንደር ነበር፤ ወለቃ፣ አምቦበር፣ አያቶች ለስግድ በዓል የወጡባቸው ተራሮች። ወለቃ ራሷ የምትደንቅ ናት። ባለቤቶቹ ከሄዱ ቆይተዋል፤ ምኩራቡና የሸክላው ገበያ ግን አለ። የዳዊት ኮከብ ያለበትን የሸክላ ሥራ የሚሸጡት ቀሪዎቹ ጎረቤቶች ናቸው፤ መንገድ ዳር የተተከለውም ሰሌዳ መንደሯን የሚጠራት ሰዎቹ በማይወዱት የድሮ ስም ነው። የአያቷን መንደር ልታይ ከእስራኤል የመጣች ልጅ ከክርስቲያን ባለሱቅ የዳዊት ኮከብ ገዝታ ትመለስ ነበር። ባለሱቁም እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳት ነበር።

አሁን ግን እሱም ቀርቷል። በነሐሴ 2015 በአማራ ክልል ውጊያ ሲነሳ እስራኤል ከጎንደርና ከባሕር ዳር ከ200 በላይ ሰዎችን በአውሮፕላን አወጣች፤ ከዚያ ወዲህ የሥር ፈላጊ ቡድን ወደዚያ በዋዛ አይነዳም። ስለዚህ አስጎብኚው ሥሩን አዲስ አበባ ላይ ይፈልጋል። አንድነት ፓርክ፣ እንጦጦ ፓርክ፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ። የልጆቹ አያቶች በሕይወታቸው ያልረገጧቸው፣ አብዛኞቹም በእነሱ ጊዜ ያልነበሩ ቦታዎች። ሥር ፍለጋ የመጣ ወጣት የተተከለ አበባ ሲጎበኝ ይውላል።

የሚገርመው አዲስ አበባ ያላንዳች ፓርክ የታሪካቸው ቦታ መሆኗ ነው። በ1982 መጨረሻና በ1983 ከጎንደር ገጠር የመጡት ቤተ እስራኤላውያን የአውሮፕላኑን ቀን ሲጠብቁ ወደ አንድ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ የኖሩት በዚችው ከተማ በየግቢው በተከራዩት ክፍል ነበር። ቀን ወደ እስራኤል ኤምባሲ፣ ማታ ወደ ሰርቪሷ። ልጆች በበሽታ ያለቁበት ወቅት ነው። ግንቦት 13 መንግሥቱ ኃይለማርያም ሀገር ጥሎ ወጣ፤ ግንቦት 16 እና 17 ደግሞ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ 14,325 ሰው ከቦሌ ተጫነ። የሰሎሞን ዘመቻ የሚባለው እሱ ነው። ወንበሩ የተነቀለ አንድ ጃምቦ ብቻውን ከ1,000 በላይ ሰው ይዞ ተነሳ። ለፈቃዱም 35 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሏል። ከእኛ በኩል የቀረው ማስታወሻ ባዶ ሰርቪስ ነው፤ እሱም በሳምንቱ ሌላ ተከራይ ገባበት። አከራይ ያኔም አከራይ ነው።

የነታንያዋ ልጅ እናት ያኔ 14 ዓመቷ ነበር። ክፍላቸው ልደታ ነው፣ አንዲት ባል የሞተባቸው እማማ ግቢ ውስጥ። ልጅቷ ስትመጣ እናትየው በእስክሪብቶ ካርታ ሣለችላት፦ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ቦኖ ውሃው፣ የኮክ ዛፍ፣ የእማማ በር። ጽሑፉ በዕብራይስጥ ነው።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እንግዲህ የቡድኑ ኮስተር እኛ ኮንዶሚኒየም በር ላይ ቆመ። ወርደው ሲቆሙ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ታየ፤ እንግዶቹ ከሽሮ ሜዳ የገዙትን የሐበሻ ቀሚስ በጂንስ ላይ ደርበዋል፣ የእኛዎቹ ልጆች የተቀደደ ጂንስ ብቻ። ሁለቱም ወገን ሌላውን በቅናት ተመለከተ።

ካርታው ከእጅ እጅ ዞረ። አምስት ሰው አገላብጦ አየው፤ ሁለቱ ዘቅዝቀው። እንደምታውቁት የድሮው ልደታ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፈርሷል። ቦኖው የለም፣ ኮኩ የለም፣ ሰርቪሶቹ ለዓይነት አንድ አልቀሩም። ነዋሪው ሌላ ቦታ ተበትኖ፣ በፋንታው ዕጣ የወጣለት ከኮተቤም ከሽሮ ሜዳም መጥቶ ገብቷል። ስለዚህ ቀናው መልስ አንድ ነበር።

«እንዴት አይታወሰን!» አለ የማህበራችን ሊቀመንበር።

ሊቀመንበሩ የኮተቤ ልጅ ነው። ሆኖም ቡድኑን እየመራ ወደ መኪና ማቆሚያው ሄደና ከአንዲት ቪትዝ አጠገብ ቆሞ «በትክክል እዚህ ጋ» አለ። ለምን መኪና ማቆሚያውን እንደመረጠ ሳስበው፣ የጋራ ይዞታ ስለሆነ ከማንም ጋር አያጣላም። ግን አጣላ። የሉካንዳው ባለቤት ግቢው የነበረው ሉካንዳው ያለበት ላይ መሆኑን በእናቱ ማለ። ከመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ጥበቃችን «እኔ ስመጣ የኮኩ ግንድ ነበረ» ብሎ መሰከረ። ከየት እንደሰማ የማይታወቅ ደላላም ደርሶ ለአስጎብኚው በጆሮው «ፎቁ ላይ የሚሸጥ ባለ ሁለት መኝታ አለ፤ ያው እሱ ቦታ ነው» አለው።

የሁሉም ቁንጮ ግን የሁለተኛ ፎቋ እትዬ ናቸው። እሳቸው ሲደርሱ ክርክሩ ቆመ። ልጅቷን አቅፈው ሳሟት፤ አገላብጠው አይተው ደግመው ሳሟት። «አፍንጫሽ ቁርጥ አያትሽን! ግንቦት ልደታ ንፍሮ አብረን የቀመስን፣ ለፋሲካ ዶሮ ወጤን የበላችልኝ!» አሉ።

ልጅቷ በተሰባበረች አማርኛዋ፣ በጣም በትሕትና፣ አያቷ ክርስቲያን ያረደውን ሥጋ በጭራሽ እንደማይበሉ፣ ከሌላ ቤት ምግብም እጃቸውን እንደማያስገቡ ተናገረች። እውነቷን ነው፤ የቤተ እስራኤል ሕግ በዚህ ላይ ጥብቅ ነበር። ለአንድ አፍታ ዝም ተባለ። ሊቀመንበሩ ጫማውን ተመለከተ።

እትዬ ግን ምንም አልሆኑም። «ለዚህ እኮ ነው ዶሮዋን በነፍሷ የሰጠኋት! የገዛ ሰዎቻቸው አረዱላት።»

ልጅቷ አለቀሰች፣ ካሜራው እየቀዳ። ይህን ካየሁ በኋላ በእትዬ ለመፍረድ አቅም አጣሁ።

በዚህ መሀል ዳር ላይ የቆሙ አንድ ጡረተኛ ነበሩ። እዚሁ ተወልደው፣ ቤታቸው ፈርሶ፣ እንደገና እዚሁ ምትክ ከደረሳቸው ጥቂቶች አንዱ ናቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ በዚያ ዓመት እዚህ ያላከራየ ግቢ አልነበረም፤ እኛም ኩሽናችንን አከራይተናል። ባል የሞተባቸው እማማ ደግሞ በየበሩ ነበሩ። ያቺ የእናትሽ ግቢ የትኛዋ እንደሆነች አላውቅም። አርብ ማታ ግን አውሮፕላኑ ሲመላለስ እንቅልፍ እንዳልነበረን አውቃለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ኩሽናችንን ከፍተን ስናይ ድስታቸው ምድጃው ላይ ነበር።»

እዚያ ከተባለው ሁሉ እውነተኛ ማስረጃ ይህ ብቻ ነው። ሕዝቡ ግን ተሸማቀቀ። «ጋሼ፣ እንግዳ ፊት?» ብሎ ሊቀመንበሩ በክርናቸው ይዞ ፈቀቅ አደረጋቸው፤ ካሜራውም ወደ እትዬ ዞረ። እንግዶቹንም መታዘቤ አልቀረም። ከነታንያ ድረስ መጥቶ «አላውቅም» የሚል ሰው መቅረጽ ማን ይፈልጋል? አስጎብኚውማ ሰዓቱን እያየ ነበር፤ እንባው ከታሰበው ሃያ ደቂቃ ቀድሞ ስለመጣለት ደስ ብሎታል።

ይህን ስል ልደታ እውነተኛ ትዝታ አጥታ እንዳይመስላችሁ። ቦሌ ሳይሠራ የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ እዚሁ ልደታ ነበር፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የካይሮ በረራ ያደረገው ከዚህ ሜዳ ነው። የቤተ እስራኤል ወጣቶችን በቡድን ወደ እስራኤል መላክም ያን ጊዜ የተጀመረ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 የመጀመሪያዎቹ 12 ልጆች ተመርጠው ክፋር ባትያ ወደሚባል የወጣቶች መንደር ሄዱ፤ በዓመቱ ሌሎች ተከተሏቸው። እነሱ የሄዱት ለ10 ቀን አልነበረም፤ ዕብራይስጥ ተምረው፣ ተመልሰው፣ በየመንደራቸው እንዲያስተምሩ ነበር። ይህን ሁሉ ለልጆቹ የነገራቸው አልነበረም። እኛ የምናስታውሰው ያልነበርንበትን ነው።

ቀጥሎ ቡና። እትዬ እንግዶቹን ቤታቸው አስገብተው ያቀረቡት ኬክና ከፍሪጅ የወጣ ለስላሳ ነው፤ ጣሪያው ላይ ያሠሩትን ጂፕሰምና ወለሉን እንዲያዩላቸውም ፈልገዋል። እንግዶቹ ደግሞ ዓይናቸው ጀበና ፍለጋ ይንከራተታል። እትዬ ጀበናቸው ከተሰበረ ቆይቷል፤ ቡና የሚጠጡት ታች በረንዳ ላይ ከምትሸጠው ልጅ ነው። እሷም ከነረከቦቷ፣ ከነእጣኗ፣ ከነፕላስቲክ ቀጤማዋ በደረጃው ወደ ላይ ወጣች። አንዷ እንግዳ ቀጤማውን አንስታ አሸተተችው። ቡና ሻጯ አንገቷን ደፋች፤ እትዬ ግን «የዘንድሮ ቀጤማ ሽታ የለውም» አሏት።

በእንግዶቹ ብቻ የምንስቅ ደግሞ አይምሰላችሁ። በ2014 አንድ ሚሊዮን ዲያስፖራ ለገና ወደ ሀገር ቤት ይግባ ሲባል፣ በ2016 ደግሞ ውጭ የተወለደው ሁለተኛ ትውልድ እንዲመጣ ሲጠራ፣ የራሳችን የሲልቨር ስፕሪንግ ልጆች በተመሳሳይ ኮስተር፣ በተመሳሳይ ቀሚስ፣ በተመሳሳይ ፓርክ ሲዞሩ አይተናል። አጎቶቻቸውም «አያትህ እዚህ ዛፍ ሥር ነበር የሚቀመጠው» እያሉ አምና የተተከለ ዛፍ አሳይተዋቸዋል።

ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ነታንያ ያለችውን እናቷን በቪዲዮ ደወለችላት። ቤቱ ተተረማመሰ። እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ሊቀመንበሩ ከኋላቸው አንገቱን አሰገገ፤ የሉካንዳው ባለቤት ሽርጡን አወለቀ። ስክሪኑ ላይ መነጽር ያደረገች ሴት ብቅ አለች። የእትዬን ፊት ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተች። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሕግና ወረፋ የሚከበርበት ሀገር ኖራለች፣ ያላወቀችውን አላውቅም የማለት ልምድ ሊኖራት ይገባል ብዬ ጠበቅሁ።

«እማማ!» አለች ሴትየዋ። «እንዴት ከርመዋል? እንዴት አይታወሰኝ! ያ ዶሮዎስ ይረሳል?»

እትዬ እልል አሉ። ሊቀመንበሩ አጨበጨበ። እናትየዋም ደግ ደጉን ሁሉ ተናግራ፣ የሁሉንም ጤና ጠይቃ ስታበቃ፣ ለልጇ በዕብራይስጥ አንድ ሁለት ቃል ጣል አደረገች። ልጅቷ ቡናው ትን እስኪላት ሳቀች።

«ምን አለች? ምን አለች?» አሉ እትዬ።

«ሰላም በሉልኝ አለች» አለች የነታንያዋ ልጅ፣ ዓይኗን ሳትሰብር። ሊቀመንበሩ ስለ መኪና ማቆሚያው እንዳልተነሳ ለማረጋገጥ ሁለት ጊዜ ጠየቃት፤ ሁለቱንም ጊዜ ተነስቷል አለችው።