አልአይን ኖሮ ዓይን የሌለው

«አቡዳቢ ጥርግርግ ያለች ከተማ ናት፤ የፖሊስና የወንበዴ ፊልም አይወጣላትም» አልክ? ሰዎች፣ ቀረብ በሉማ! ከአልአይን 160 ኪሎ ሜትር ነድቶ የመጣው ይህንን ሊነግረን ነው። አልአይን ኖሮ ዓይን የሌለው ሰው እዩልኝ!

«ቪክራም ቬዳ»ን አይተህ የለም? እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውን የህንድ ፊልም? ሰይፍ አሊ ካን ፖሊስ፣ ሪቲክ ሮሻን ወንበዴ የሆኑበትን? (ስሙ ሰይፍ፣ እጁ ላይ ሽጉጥ!) «አይ ላክናው! ወንጀል ማለት እዚያ ነው!» እያልክ ራስህን ስትነቀንቅ ነበር። የኔ ጌታ፣ ያ ያስደነገጠህ የህንዱ ከተማ ላክናው ከፊሉ እዚሁ አፍንጫህ ሥር የተገነባ ነው። ላክናው ሲባል ሐዋላ መስሎህ ደረሰኝ አለመጠየቅህም ተመስገን ነው!

«አገራቸው ሰፈር ጠፍቶ ነው?» ትለኛለህ ደግሞ። ጊዜው ኦክቶበርና ኖቬምበር 2021 ነው፤ ኮሮና። አዘጋጆቹ ያን ሁሉ ሠራተኛ ከሰው ለይቶ የሚያኖር፣ ሰፈሩንም ከወራት በፊት በስቱዲዮ የሚያስገነባ ቦታ ያገኘነው ኤምሬትስ ብቻ ነው አሉ። አንተ ያኔ የኮሮና መተግበሪያህ አልሆስን ግራጫ ሆኖ ከሞል በር ስትመለስ፣ እነሱ ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚታየውን ፖሊስ ግራጫ ሰፈር ውስጥ እየከተቱት ነበር።

ብሩስ? አቡዳቢ ፊልም ሠሪ እዚያ ካወጣው ከመቶ 30 ትመልስለት ነበር። አንተ ከኔ ከተበደርከው ከመቶ አንዷን መልሰሃል? ወንጀለኛ ፍለጋ ላክናው ድረስ ምን አስኬደን!

«እኔ የፖሊስ ፊልም አውቃለሁ» ይላል እኮ! አንተን ከፖሊስ ጋር ያስተዋወቀህ ራዳር ነው። ትወናህም አንድ ፎቶ ብቻ፤ እሱንም ተዋናዩ ራሱ የሚከፍልበት። ሙኻለፋ ይሉሃል፣ የትራፊክ ቅጣት!

ፊልሙንስ መቼ በወጉ አየኸው? ፑሽካርና ጋያትሪ የሚባሉ ባልና ሚስት ናቸው የሠሩት፤ በ2017 በታሚል፣ ኋላም በሂንዲ። ባልና ሚስት ተባብረው ሁለት ፖሊስ ባልደረቦችን ሁለቴ ሲያለያዩ፣ አንተ ሁለቱንም ጊዜ ፈንዲሻ ስታሳድድ ነበር። ወንበዴው ቬዳ ያን ሁሉ ሰው ገድሎ እንኳ በገዛ እግሩ ጣቢያ ገብቶ እጁን ሰጠ። አንተም እጅ ስጥ። ስትሰጥ ግን ባዶ እጅህን እንዳይሆን፤ ድርሃሜን ይዘህ!