የዘፈኑ ባለቤት ተጠይቋል

ዶሮ ሲታረድ ጓዳ ገብታ በር የምትዘጋ ጎረቤት አለችኝ። ይቺው ሴት 17 ሰው የፈጀውን የሚልዋኪውን ጄፍሪ ዳመርን ታሪክ አሥሩንም ክፍል ሌሊቱን ስታይ አድራ፣ ጠዋት ቡና ላይ «ውይ፣ ሲያሳዝኑ!» እያለች ታወራልናለች። ሁለተኛው ስኒ ሳይቀዳ ሐዘኑ ያልቅባትና «ሌላ እንደዚህ ያለ የለም?» ብላ ስልኳን መጎርጎር ትጀምራለች።

በእሷ ብቻ አይፈረድም። ኔትፍሊክስ በ2022 (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) የለቀቀው ይህ ድራማ በ60 ቀን ውስጥ ከአንድ ቢሊዮን ሰዓት በላይ ታይቷል። ገበያው ሳይቀዘቅዝም ገዳዩ ከጠበቆቹ ጋር ያወጋበት ካሴት ዘጋቢ ፊልም ሆኖ ተከተለ።

ድራማው ውስጥ የፍርድ ቤት ትዕይንት አለ። ወንድሟ የተገደለባት ሴት በ1992 ችሎት ቆማ ገዳዩ ላይ ጮኻለች። ተዋናይዋ ያንን ጩኸት ከነቃሉ፣ ከነልብሱና ከነፀጉሩ ደገመችው። ባለ ሐዘኗ ግን ማንም እንዳላነጋገራት ተናገረች። የድራማው ፈጣሪ በበኩሉ ወደ 20 ለሚጠጉ ቤተሰቦችና ወዳጆች መልእክት ልከን የመለሰልን የለም አለ። እኛ አገር ሽማግሌ የላከ ሰው መልስ ካጣ ይመለሳል እንጂ፣ «ዝም ስላሉ» ብሎ ልጅቷን ይዞ አይሄድም። የሚሄድም አለ፤ ስሙ ጠላፊ ነው።

የድራማው ሰዎች ሕግ ተላልፈዋል ለማለት ግን ያስቸግራል። በአሜሪካ በግልጽ ችሎት የተነገረ ቃል የሕዝብ ነው፤ ሙት ደግሞ ስሜ ጠፋ ብሎ አይከስም። ዘፈን ሲሆን ነገሩ ይለያል። ሬሳው ሲወጣ ከኋላ የምትንጎራጎረው ዘፈን ባለቤቷ ካልፈረመ አትገባም። ተጠርጣሪው የለበሰው ቲሸርት ላይ ያለው የድርጅት አርማ ሳይቀር ይደበዝዛል፤ ድርጅት ጠበቃ አለዋ!

ማደብዘዝ ካነሳን አይቀር፣ ፊት የሸፈነ ሁሉ ገመና የሸፈነ ይመስለዋል። በ2011 ኒውዮርክ ውስጥ መኪና የገጨው ሰው ሆስፒታል ሲሞት የቴሌቪዥን ካሜራ ቀረጸው። ታሪኩ የወንጀል አይደለም፣ ግን ነገሩ ያው ነው። በዓመቱ ፊቱ ደብዝዞ ተላለፈ፤ ሚስቱ ቤቷ ቁጭ ብላ ስታይ ባሏ መሆኑን አወቀች። ሰው የትዳር ጓደኛውን የሚያውቀው በፊቱ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ሆስፒታሉ በ2016 ለመንግሥት 2.2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ተገላገለ።

የእኛዎቹ ባለ ዩቲዩቦችም ማደብዘዙን ተምረዋል። የሟች ልጅ ፊት ይደበዝዛል። ከዚያ የሰፈሩ ስም ይጠራል፣ የግቢው በር ይታያል፣ አክስትየው ከነሙሉ ስማቸው ይቀርባሉ። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ እናትየው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ ማይኩ አፍንጫቸው ሥር ነው፤ «እማማ፣ ሲነገርዎት ምን ተሰማዎት?» ከግርጌው «ሰብስክራይብ ያድርጉ፣ የደወሏን ምልክት ይጫኑ» የሚል ጽሑፍ ይሮጣል። ጠያቂው ቢወቀስ «ፈቅደውልን እኮ ነው!» ይላል። እንቅልፍ በዓይናቸው ያልዞረ እናት ያን ቀን ቤትዎን ይሽጡ ቢባሉም እሺ ይላሉ።

ተጠርጣሪው ደግሞ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ካሜራ ፊት ይቀርባል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት ጥፋተኛ እስኪባል ንጹሕ ነው፤ ኮሜንት መስጫው ሥር ግን ስቅላቱ ከተፈጸመ ቆይቷል።

ማይክ ይዛችሁ ድንኳን የምትገቡ ልጆች፣ ገብታችሁ እግዜር ያጥናችሁ በሉና ውጡ። ታሪኩ የግድ ካስፈለጋችሁ አርባው ካለፈ በኋላ ደውሉ፣ ፊልሙን ከመልቀቃችሁ በፊትም ለቤተሰቡ አሳዩ። እምቢ ካሉ፣ ወይም ስልኩን ካላነሱ፣ ተዉት።