ኧረ የቅቤን ስም ተዉልን!

ኧረ መረረን! ገበያ ገብቶ «ቅቤ ስጡኝ» ማለት ብቻውን አልበቃ ብሎን፣ እያንዳንዱን ጉብታ ማሽተት፣ መቅመስ፣ እጅ ላይ ማሸት ግዴታችን ሆነ። ሻጯ «የሸኖ ለጋ ነው» ትላለች። ጎረቤቷም የሸኖ ለጋ ነው የምትለው፤ ከመንገዱ ማዶ ያለውም ሌላ ስም አያውቅም። ሸኖ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ ከተማ ናት። የዙሪያዋ ላሞች ምን ቢታለቡ የሾላንም፣ የመርካቶንም፣ የሳሪስንም ገበያ አይችሉትም።

ለጋ እኮ ትርጉም ያለው ቃል ነው። እርጎው ተገፍቶ ገና የወጣ፣ ጠረኑ ያልተቀየረ ቅቤ ነው ለጋ የሚባለው። የከረመውና ሽታው የጠነከረው በሳል ነው፤ ከሁለቱ መሀል ያለው ደግሞ መካከለኛ። እናቶቻችን ለአናት የሚቀቡትን ለድስት ከሚሆነው የሚለዩት በእነዚህ ስሞች ነበር። ዛሬ በሳሉም፣ ከሦስቱ አንዱም ያልሆነውም ለጋ ተብሎ ይሸጣል።

ዋጋውን አላማርርም። አንድ ኪሎ ቅቤ 20 ሊትር ገደማ ወተት ይፈልጋል። የአገራችን ላም በቀን ሁለት ሊትር ብትሰጥ ነው፤ ከዚያ ላይ ልጅ ይጠጣል፣ የተረፈው ተጠራቅሞ ይረጋል፣ ከዚያ ሴቲቱ ቅሉን ይዛ ስትገፋ ታረፍዳለች። ይህን ላደረገች ሴት ቢከፈል ደስ ይለኛል። እኔን የሚያንገበግበኝ የእሷን ዋጋ ከፍዬ የሚረጋ የፓልም ዘይት ይዤ መግባቴ ነው። ሙዝ የተለወሰበት ቅቤ ተያዘ የሚል ወሬ እንኳ ለጆሯችን እንግዳ መሆኑ ቀርቷል። ውሃ ታሽቶ የገባበት ሲሆን ደግሞ እሳት ላይ ሲጣድ እየተንጣጣ ይረጫል፣ ይጎድላል፤ ኮረሪማውና ኮሰረቱ፣ በሶብላውና አብሹ በከንቱ ይቀራል። የላም ቅቤ ምላስ ላይ ቀልጦ ይሄዳል፤ የሚረጋው ዘይት ግን ላንቃ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። አራስ ልትጠይቅ የሄደች ሴት ይህን ገንፎ ላይ አፍስሳ ስታቀርብ ምን ይሰማታል?

ምግብ ቤትም ያው ነው። «በቅቤ ይሁን በዘይት?» ብለው ይጠይቁናል፤ በቅቤ እንላለን፤ ለቅቤ እንከፍላለን፤ የሚመጣው ከቆርቆሮ የተዛቀ የአትክልት ስብ ነው። ጿሚውም አልተረፈም። «የጾም ቅቤ» ይሉታል፤ ጿሚው ግን አንዳንዱ ማርጋሪን የወተት ዱቄት ወይም አጓት ስለሚገባበት የማሸጊያውን ደቃቅ ጽሑፍ ሲያነብ ይውላል። ለፈሰከው ቅቤ የለበትም፣ ለጾመው ወተት ተገኘበት! ሁለቱንም ያሳሳተው ቅቤ የሚለው ስም ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ስም ጠባቂ አለው። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ፣ ቅቤ ቢያንስ 80 በመቶ የወተት ስብ እንዲኖረው፣ ውሃውም ከ16 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከአትክልት ዘይት የተሠራውን ቅቤ ብሎ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው። በቅል የተገፋ የገጠር ቅቤ እንደ ፋብሪካ ተለክቶ ይምጣ አልልም፤ የውሃው መጠን ከቤት ቤት ይለያያል። ከወተት መውጣቱ ግን ሊያከራክር አይገባም።

የአትክልት ስብ አትሽጡ የሚል የለም። ርካሽ ነው፣ አቅሙ ላልፈቀደ ቤት ይደርሳል፣ ለጿሚም ይሆናል። እባካችሁ ነጋዴዎች፣ የሚረጋ ዘይት ከሆነ የሚረጋ ዘይት በሉት፤ ከሸኖ ካልመጣም የመጣበትን ንገሩን። ተቆጣጣሪዎችም የበዓል ዋዜማን አትጠብቁ፤ ቅቤ በአዘቦቱም ይሸጣል።