አባ ፖስት በፎገራ

«ፈረስ» የሚባለውን ታክሲ በስልክ ጠርተው ኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ የለመዱ የአዲስ አበባ ጓደኛሞች ወረታ ሲደርሱ «የሚጋለብበት ፓርክ የት ነው?» ይላሉ። ፓርኩማ ተዘርቷል! ከርብ እስከ ጉማራ ያለው ሜዳ ክረምት ውኃ ይተኛበታል፣ ገበሬው ደግሞ ሩዝ ያበቅልበታል። ኤክስ ጅግና የሚሉት ሩዝ ከተስፋፋ ወዲህ ግጦሹ ጠቦ፣ ያቺ ስመ ጥር የፎገራ ላም እንኳ ገለባ ጠባቂ ሆናለች። ለላሟ ያልተረፈ ሜዳ ለሽርሽር ሊገኝ!

እነሱ ምን ገዷቸው። ፈረሱ ገና ሳይጫን የፈረስ ስም ይወጣል። ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ተብለው የለ? ከነሱ መሃል የኛው ጀግና «አባ ፖስት» ነው። የድሮው እርካብ የእግር አውራ ጣት ብቻ ነበር የሚያስገባው፤ በዚህ ድልዱል ስኒከር ቢመጡበት ፈረሱም ይስቅ ነበር። ልጓሙን ወደ መንገዱ ሲስበው ፈረሱ ወደ ማሳው። ባለፈረሱ ከኋላ እየሮጠ «ኧረ ወንድሜ ያዘው፣ የሰው ሩዝ ነው!» ይላል፤ ወንድሜው ግን አንድ እጁ ስልክ ይዟል።

ግልቢያ ያማረው እንጅባራ ይውጣ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ በየዓመቱ ጥር 23 እዚያ በዓሉን ያከብራል። ችግሩ፣ እዚያ ተመልካቹም ፈረሰኛ ነው።