ጣውላ ፍለጋ

የላስታ የበጋ አየር ከንፈር ብቻ ሳይሆን እንጨትም ይሰነጥቃል። የኔ ጊታር ፊት ለሁለት ሊከፈል ምንም አልቀረው። ጊታሩ ቦክስ ጊታር አይሉት ድፍን ሊድ ጊታር፤ ግራና ቀኙ ባዶ ሆኖ መሐሉን ከላይ እስከ ታች ግንድ የያዘው፣ ሴሚ-ሆሎው የሚሉት ነው። ጊታር ሠሪው ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1958 ኢኤስ-335 የተባለውን ሞዴል ሲያወጣ ግንዱን የከተተው አምፕሊፋየር ሲያንባርቅ ሆዱ አብሮ እንዳያፏጭ ነው። ፊቱንም ከስስ የሜፕልና የፖፕላር ንጣፎች አጣብቆ ሠራው፤ ንጣፎቹ አግድምና ቁልቁል ስለሚደራረቡ ስንጥቅ አይበረታባቸውም። የኔው ፊት ግን ወጥ ስፕሩስ ነው። ቀላልና ግትር እንጨት በመሆኑ ክሩን ገና ሲነኩት ይመልሳል፤ በጋ ሲመጣ ደግሞ ይተረተራል።

አናጢ ወዳጄ «የደረቀ አሮጌ ጣውላ ካመጣህ እለጥፍልሃለሁ» አለኝ። ታዲያ የቸገረው እርጉዝ ያገባል አይደል? ጣውላ በድምፁ ነው የሚመረጠው ብዬ፣ ድምፅ ደግሞ ጸጥታ ይፈልጋል ብዬ፣ ጎህ ሳይቀድ ጊታሬን በጀርባዬ አዝዬ የአሮጌ ቤቶችን በር በጣቴ እየቆረቆርኩ፣ ጆሮዬን እየለጠፍኩ ዞርኩ። ወይራው ድፍን ነው፤ ጥዱ ይሻላል፤ አንዱ የዋንዛ በር ግን፣ ወይ ግሩም! ደግሜ ቆረቆርኩት። ሦስተኛ ልመታ ስል ተከፈተና ጆሮዬ አየር ላይ ቀረ።

አንዲት እናት ኩርማን እንጀራ ይዘው ቆመዋል። በዚያ ሰዓት ደጅ የሚመጣ ላሊበሎቹ ናቸዋ፣ እየዘፈኑ የሚለምኑት።

«ምን ትጠብቃለህ? አዚም እንጂ!»

«አይ እማማ፣ የበርዎን ድምፅ እያዳመጥኩ ነው» ብዬ ስለ ስፕሩስና ሜፕል አስረዳኋቸው። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ስለ ጊታሩ ፒክአፕም ጨመርኩ። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ላሊበላ እንኳ በባዶ እጁ ነው የሚዘፍነው። አንተ ይህን ሁሉ ተሸክመህ ዝም?»

ጎረቤት ወጣ፤ ልጆች ከበቡኝ። አምባሰል ጀመርኩ፤ ከፍታው ላይ ስደርስ ድምፄ ከዳኝና ውሻው ተቀበለኝ። እንጀራዬን ይዤ ልሸሽ ስል «ምርቃቱስ?» አሉኝ። እጄን ዘርግቼ፣ ሕዝቡ አሜን እያለ፣ ቤታቸውን ከነበሩ መረቅሁ።

ጣውላው ቀርቶ ስንጥቁን አናጢው በኮላ ደፈነው። አምፕሊፋየር ላይ ሲሰካ ልዩነቱን ከኔ በቀር የሰማ የለም፤ ፒክአፑ እንደሁ ከሁሉ አስቀድሞ የሚይዘው የክሩን ንዝረት ነው። እማማ ግን ገበያ ላይ ባገኙኝ ቁጥር፣ ሰው መሐል፣ «ምነው ጠፋህ? እንጀራ እኮ አላነሰም!» ይሉኛል።