«ሲስተም»፦ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚሰጡት ፍቺዎች

«ሲስተም» የእንግሊዝኛ ቃል ነው የሚሉ አሉ። ቃሉ ግን አዲስ አበባን በከበቡት በእነዚህ ሦስት ከተሞች ከኖረ ቆይቷል፤ የነዋሪነት መታወቂያም ይገባዋል። (መታወቂያው ገና አልወጣም። ሲስተም የለም።)

ቀዳሚው ፍቺ በአገልግሎት መስኮት በኩል የሚሰጠው ነው። እዚህ ሲስተም እንደ ሰው ይሄዳል፣ ይመጣል፤ «አሁን እኮ ነበረ» ይባልለታል። አለመኖሩን የሚያውጀው ባለሙያው ሳይሆን ጥበቃው ነው፤ እጁን ከካፖርቱ ኪስ ሳያወጣ፣ ባለጉዳዩ ደረጃውን ወጥቶ ሳይጨርስ። መስኮቱ ላይ በፕላስተር የተለጠፈው ወረቀትም ይህንኑ ያጸናል። ቀን አልተጻፈበትም፤ ጠርዙ ግን ቢጫ ሆኗል።

ከተሞቹ በሁለት ቋንቋ ስለሚያድሩ የ«ሲስተም የለም»ን አቻ ማቅረብ ግድ ነው። በአፋን ኦሮሞ «ሲስቴሚን ሂንጂሩ» ይባላል፤ ተከታዩ «ነገ ይምጡ» ደግሞ «ቦሩ ኮታ» ነው። ቋንቋው «ሲርነ» የሚል የራሱ ቃል እያለው ለምን ተበደረ? መልሱ ሩቅ አይደለም። ሲርነ ገዳ (የገዳ ሥርዓት) በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን ያስረክባል፤ ዩኔስኮም በ2009 ዓ.ም. መዝግቦታል። ቀጠሮውን አክብሮ የሚመጣን ነገር «የለም» ማለት ያስተዛዝባል።

ሁለተኛው ፍቺ «በ» ሲጨመርበት የሚገኘው ነው። «በሲስተም ያዘው» ማለት ማንንም ሳታስቀይም፣ ድምፅ ሳታሰማ ጨርሰው ማለት ነው። ቡራዩ አሸዋ ሜዳ ላይ የታክሲ ሰልፍ በጎን አልፎ ጋቢና የተቀመጠ ጎረምሳ ሲጠየቅ «በሲስተም ነዋ» ይላል። ጠዋት ከመስኮቱ ፊት ያልነበረው ሲስተም ከሰዓት በጓሮ በር በዚህ መልኩ ሲገኝ ይስተዋላል። ሁለቱ አንድ ይሁኑ ወይስ ሞክሼ፣ ባለጉዳዮች እስካሁን አልተስማሙም።

ሦስተኛው ፍቺ በሰበታ ድራፍት ቤቶች ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ይነገራል፤ «ችግሩ ሲስተሙ ነው» ይባላል። ይህን ማብራራት ከዚህ ጽሑፍ ወሰን ውጪ ነው።

ቃሉ የተስፋፋበት ዘመን ይታወቃል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በ2015 ዓ.ም. ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ይቀዳ ተባለ፤ ስለዚህ ማደያውም ጥበቃው የሚናገረውን መናገር ቻለ። በዚያው ዓመት ሦስቱ ከተሞች ወደ ሸገር ከተማ ተጠቃለሉ። ማኅተሙ ተለወጠ፤ «ሲስተም የለም» ግን በነበረበት ቀጠለ።

ተቃራኒው ማስረጃ አንድ ብቻ ነው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊቱን በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ነበረ፤ እንዲያውም ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ለሚጠይቁ ሁሉ ሳያቅማማ ይከፍል ነበር። ባንኩ በኋላ አብዛኛውን ገንዘብ አስመልሷል፤ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶም ለጥፏል። በዚያች ሌሊት ግን ነገ ይምጡ የተባለ ደንበኛ አልነበረም።